የኑሃድ ነጭ ለውዝ

ስልኩ በጥቁሩ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ሲርገበገብ ዩምና የአንዲት አሮጊት እጅ ጨብጣ ነበር። አሮጊቷ እጇን ቶሎ አልለቀቀችላትም። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። አክስት ብቻ አልነበረችም፣ እናትም ነበረች» አለቻት። ዩምና አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። ስልኩ እንደገና ተርገበገበ። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋና ሚዜዋ ጆአና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ሚዜዎቹ ናቸው። የያዝነውን ቤት እንሰርዘው ወይስ እንጠብቅ እያሉ ነው» ስትል አንሾካሾከችላት።

ቤቱ ግሪክ አገር ሚኮኖስ ደሴት ላይ ያለ፣ ባሕሩ ከአልጋ የሚታይበት፣ የመዋኛ ገንዳው ከበረንዳው ጋር የገጠመ ነጭ ቤት ነው። ዩምና በመስከረም ታገባለች። ከዚያ በፊት ከአራት ሚዜዎቿ ጋር ለልጃገረድነት ስንብት ቅዳሜና እሁድን እዚያ ሊያሳልፉ ቆርጠው ነበር፤ ቀኑም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መንገደኞቹ ግን አምስት ሳይሆኑ ስድስት ነበሩ። ስድስተኛዋ አክስቷ ኑሃድ ነበረች። ኑሃድ ደግሞ ትናንት ተቀበረች።

«አሁን አትጠይቂኝ» አለች ዩምና።

በሊባኖስ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው የአንፌ ከተማ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ጢም ብሏል። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የሲኒ ትሪ ይዞራል። ቡናው ስኳር አልነካውም፤ ሐዘን የገባበት ቤት ጣፋጭ ነገር አያቀርብም። የመጣው ሁሉ መራራውን ፉት ይልና ነፍሷን ይማር ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ስለ ሙቀቱና ስለ መብራት መጥፋት ማውራት ይጀምራል። ሐዘንተኛም ሰው ነውና ይሰማል፣ አንዳንዴም ፈገግ ይላል።

ከወንዶቹ ረድፍ መጀመሪያ የዩምና አባት ሚትሪ ቆሟል። የመጣውን ሁሉ ቆሞ ይቀበላል፣ የሚሄደውን ሁሉ ቆሞ ይሸኛል፤ ቁጭ በል ቢሉት እሺ አይልም። ከተማው መሐል የቀለምና የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ደግ ሰው ነው፣ ዱቤ አይከለክልም፣ ነገር ግን ይሉኝታ ቀስፎ የያዘው ሰው ነው። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሳ ያማትባል፤ ሚትሪ ደግሞ መጀመሪያ ሰው ምን ይላል ብሎ ያስባል። ዛሬ ጠዋትም ልጁን ገና ከደረጃው ሳትወርድ፣ ጉዞው ቀርቷል፣ አርባዋ ሳይወጣ ጥቁርሽ አይወልቅም ብሏታል።

በአንፌ ሰው ጥቁሩን በራሱ እጅ አያወልቅም። ሠርግ ወይም ሌላ የማይዘገይ ደስታ ከመጣ፣ የሐዘኑ ቤት ታላቅ ሰው በእጁ ያነሳለታል፤ ያነሳውንም ጥቁር አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። የሚያነሳ እጅ ካልመጣ ጥቁሩ ባለበት ይቆያል። የዩምናን ስስ ጥቁር ሻርፕ በቀብሩ ቀን አንገቷ ላይ ያሰረው አባቷ ነው። በዚህ ሙቀት አንገቷን ያሳክካታል፣ ግን አልነካችውም።

ለባሕሩና ለመዋኛው ቢሆን ባልተከፋች። የሚያብከነክናት ቃሏ ነው። ኑሃድ ልቧ በእንቅልፏ ከመቆሙ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ በረንዳዋ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች፣ ድንገት ቀና ብላ አይታት ነበር። «አውሮፕላን ቢዘገይ፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ አባትሽ ቢያብድ፣ እንሄዳለን በይ» አለቻት። ዩምና ስቃ እንሄዳለን አለች። ኑሃድ አልሳቀችም። «በማርያም በይ» አለች። ዩምና በማርያም አለች። አክስቷ ከዚያ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

ነገሩ የተጀመረው በፀደይ ነበር። ሚትሪ የደሴቱን ነገር ሲሰማ ጨሶ ነበር። ነጭ ግድግዳ እዚሁ አለ፣ ሰማያዊ በር እዚሁ አለ፣ የነፋስ ወፍጮ ታች ጨው ማድረቂያው ጋ ቆሞ ይታያል፤ ግሪኮቹ ከእኛ ሰርቀው ለእኛው ሊሸጡልን ነው ወይ አለ። ለነገሩ ውሸት አልተናገረም። ግን የልቡ ነገር ወፍጮው አልነበረም፤ አምስት ያላገቡ ሴቶች ብቻቸውን ሄዱ መባሉ ነበር። ያኔ ኑሃድ ከላይ ፎቅ በነጠላ ጫማ ወርዳ፣ «እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ» አለች። ሚትሪ እናቱ ከሞተች በኋላ እያበሰለች፣ እያጠበች ሰው ያደረገችውን እህቱን እምቢ ማለት አይችልም። እሺ አለ።

ሚዜዎቹ ግን ክው አሉ። የስድሳ ሰባት ዓመት አክስት ይዞ ሚኮኖስ! ጆአና፣ አለቀልን፣ ገዳም ልንገባ ነው ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። ሳምንት አልቆየችም፣ ቃሏን ዋጠች። ኑሃድ በስልክ የሚጻጻፉበት ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ አለች፤ አስገቧት፤ ከዚያ በኋላ ግሩፑ የእሷ ሆነ። ረጃጅም የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ መሐል ላይ ለድመቷ ትቆጣለች፣ ድስቷን ታማስላለች፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ትመለሳለች። ልጆቹ የያዙትን ምግብ ቤት ጠረጴዛው ፀሐይ ላይ ነው ብላ ሰርዛ፣ ከባሕሩ ዳር ጥላ ያለበት አስያዘች፤ የምግብ ቤቱን ሰውዬ በምን ቋንቋ እንዳግባባችው እስከ ዛሬ አይታወቅም። የመጀመሪያው ቀን ባሕር፣ ሁለተኛው ቀንም ባሕር፣ ቤተክርስቲያኑን ከበረንዳ እንሳለመዋለን ብላ መርሐ ግብር አወጣች። ለራሷ እንደ ምጣድ የሰፋ የሰሌን ባርኔጣ ገዛች። ለእያንዳንዷ የምትለብሰውን ቀለም መደበች፤ ጥቁር ይዛ የመጣች ከነሻንጣዋ ባሕር ትገባለች ብላም አስጠነቀቀች።

ጆአና አንድ ቀን፣ ጥቁር እኮ ያቀጥናል አክስቴ ብትላት፣ «እኔ ጥቁር ለብሼ ጠግቤያለሁ» ብላ መለሰችላት። ሁሉም ሳቁ። ያኔ ማንም ምን ማለቷ ነው ብሎ አልጠየቀም።

ለቅሶው በማግስቱም ቀጠለ። ሴቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ቀብሩ ያወሩ ነበር፤ ዩምና እየሰማች እንዳልሰማች ሆነች። በዚህ አገር ያላገባች ሴት ስትሞት እንደ ሙሽራ ትሸኛለች። ሣጥኗ ነጭ ይሆናል፣ እልል ይባልላታል፣ ከበረንዳዎቹ ላይ ሩዝና ነጭ ስኳር የለበሰ ለውዝ ይበተንላታል። ለኑሃድ ግን ሚትሪ ቡናማ ሣጥን መረጠ። አሮጊት ናት፣ መሳቂያ አታድርጉን ብሎ ሴቶቹን አስጠነቀቃቸው። ሬሳው በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ሴቶቹ በረንዳ ላይ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ዩምና ከሣጥኑ ኋላ እየተራመደች እልልታውን ጠበቀች፣ የመቃብሩ በር እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀች። ከሞቱ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያንገበገባት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወፈር ያለች ሴት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፊ ትሪ ይዛ ወደ አዳራሹ ገባች። እያለከለከች ነበር። ከአቅራቢያው ከትሪፖሊ ከተማ የመጣች ጣፋጭ ሠሪ ነች፤ ስሟ ሃኔ ነው። ወደ ሴቶቹ ሳትሄድ በቀጥታ ወደ ሚትሪ ሄደች።

«ዘገየሁ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። «ለቀብሩ መድረስ ነበረበት። መሞቷን የሰማሁት ትናንት ማታ ነው።»

ጨርቁን ገለጠችው። ነጭ ለውዝ ነበር፤ በስስ ሻሽ ከረጢቶች ተቋጥሮ፣ በነጭ ሪባን የታሰረ፣ ትሪውን የሞላ የሠርግ ለውዝ። ሲኒ ወደ አፉ ያነሳ ሰው እንዳነሳ ቀረ።

«ማን አዘዘሽ?» አለ ሚትሪ።

«ራሷ ነቻ። ለሙሽራ ነው፣ ነጭ ይሁን አለችኝ በስልክ። ሙሽራዋ ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም። ሞተች ሲሉኝ ነው የገባኝ። የራሷን አዘዘች አልኩ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ ጨረስኩት።»

የሚትሪ ፊት ቀላ። ያን ያህል የሸሸው ነገር በሰው ሁሉ ፊት በትሪ ቀረበለት። አልተቆጣም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኩሽና ውሰዱት አለ፣ ከዚያ በር ላይ የቆሙትን እንግዶች ሊቀበል ዞረ።

ዩምና ትሪውን በአንድ በኩል ይዛ ከሃኔ ጋር ወደ አዳራሹ ኩሽና ገባች። በሩን ገፋ አደረገችና፣ «ወይዘሮ ሃኔ፣ ለውዙን ያዘዘችው ለእኔ ነው። በመስከረም አገባለሁ። ከዚያ በፊት ለምናደርገው ሽርሽር ነበር» አለቻት።

ሃኔ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያገኘችውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «አዋረድኳችሁ» አለች።

ዩምና አላዋረዱንም አለቻት፤ ከልቧም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ነገር በዚያ ትሪ ላይ እንደመጣላት ነው የተሰማት። ሃኔ አንዱን ከረጢት አንስታ ሪባኑን በአውራ ጣቷ አቃናች።

«መቼም በዚህች ሴት ለውዝ እጄ አይቀናም» አለች። «የመጀመሪያውንም እኮ እኛ ነን የሠራነው። ያኔ ሱቁ የእናቴ ነበር፣ እኔ ሪባን የማስር ልጅ ነኝ። ኑሃድ ልታገባ ሳምንት ሲቀራት እናቷ ሞተች። አባትሽ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነው፣ ገና ጢሙን ያልተላጨ ልጅ። ዓመት ጥቁር ትለብሳለች፣ ሰው ምን ይለናል አለ። እጮኛዋ ፉአድ መጥቶ ለመነ፣ የፉአድ አባት መጥቶ ለመነ። ጥቁሩን የሚያነሳላት እጅ አጣች። ፉአድም ጠብቆ ጠብቆ ኩዌት ሄደ፣ እዚያው አገባ።»

«እሷስ ምን አለች?» አለች ዩምና።

«ለውዙን ይዛ መጥታ ለእናቴ መለሰችላት። አላለቀሰችም። እንዳይበላሽባችሁ ብዬ ነው አለች። እኔ ትናንት ሌሊቱን ስኳር ሳለብሰው ሳድር አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፣ አሁንስ አትመልሰውም እያልኩ።»

ሃኔ ቀና አለች። ሚትሪ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሲኒ ትሪ ይዟል። ምን ያህል እንደሰማ ከፊቱ አይታወቅም። ገብቶ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ የማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስቀመጠ። አንዱ ሲኒ ከእጁ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ተንከባለለ፣ ግን አልተሰበረም። ሚትሪ አቃናውና ወጣ።

ማታ ዩምና ወደ አክስቷ ፎቅ ወጥታ አልጋው ራስ ላይ የተሰቀለውን ባርኔጣ አየችው፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ተቀምጣ አለቀሰች። ስለ አባቷም ጭምር አለቀሰች፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ልጅ እንደነበረ፣ ከእህቱ ሌላም ማንም እንዳልነበረው ታውቃለች። ቢሆንም በልቧ ይቅር ልትለው አልቻለችም። ለጆአና ነገ ሰርዢው ብላ ጻፈችላት።

በሦስተኛውና በመጨረሻው የለቅሶ ቀን ሰዉ በጊዜ አለቀ። ካህኑ ጸሎቱን ጨርሶ ሄደ፤ ሴቶቹ ሲኒውን አጥበው በካርቶን ከተው ሄዱ። ከአዳራሹ መስኮት ጨው ማድረቂያዎቹ ይታያሉ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ አርፋባቸዋለች። ዩምና ወለሉን ልትጠርግ መጥረጊያ ስታነሳ አባቷ ከኋላዋ መጣ።

«ጆአና ቤቱን ሰርዛዋለች?» አላት።

«ዛሬ ማታ እሰርዘዋለሁ ብላለች።»

«አትሰርዝ በያት።»

ዩምና ዞራ አየችው። ሦስት ቀን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግሩ አብጦ የጫማውን ማሰሪያ ፈቶታል። «ሰው ምን ይላል አባ?» አለችው። ልትወጋው አልነበረም፤ ከልጅነቷ የተማረችው ጥያቄ ስለሆነ ነው ከአፏ የወጣው።

ሚትሪ ወደ ኩሽናው በር፣ ለውዙ ወዳለበት ተመለከተ።

«ይበል» አለ። «ለውዙንም ይዛችሁት ሂዱ። ሁለቴ አይመለስም።»

ከዚያ ሁለት እጁን ወደ አንገቷ ዘረጋ። ራሱ ያሰረውን ቋጠሮ ለመፍታት ጊዜ ወሰደበት፤ ዩምናም ሳትረዳው ቆማ ጠበቀችው። ሻርፑ ሲወጣ አንገቷን አየር ነካው። እንደ ወጉ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል ብላ ነበር። እሱ ግን በራሱ አንገት ላይ ጠመጠመው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሁለት ጊዜ ቋጠረው፣ ከዚያም ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር ጀመረ።