ያልታሰረው ቀይ ጨርቅ

የፒካፑን የፊት ዲፈረንሻል ክዳን ስከፍተው ዘይቱ ከነስብርባሪው ሳፋው ላይ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የተሰበረ የማርሽ ጥርስ። አራተኛውን በጣቴ ጎርጉሬ አወጣሁት። በሰፈሩ ስሜ «ጥርስ ቆጣሪው» ነው፤ ጥርሱን ሳልቆጥር የገጠምኩት ማርሽ የለም። ያን ቀን ግን መቁጠር አስጠላኝ።

እህቴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እማዬን ከቀበርን ዘጠነኛ ቀናችን ነበር።

«ምኑን ነው የሰበርኩት ወንድም ጋሼ?» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ሌላ ሰው ነድቶት ቢሆን እማዬ ሐኪም ቤት ትደርስ ነበር?»

ሳፋውን ወደ ራሴ ሳብኩት። መልሱን አውቀው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በባሏ ነው። ባሏ አጭር ነው፤ ፒካፑን ከፍ ባደረገ ቁጥር እሱም የሚረዝም ይመስለዋል። ሃያ ስምንት ኢንቹን ጎማ አውልቆ ሠላሳ ሦስት አስገጠመና፣ መኪናዋ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ እያለከለከች አልወጣ ስትለው ወደ እኔ መጣ። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፤ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል። መድኃኒቱ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለውን የዲፈረንሻሉን ማርሽ መለወጥ ነው። የእሱ መኪና ከፊትም ከኋላም ትልቁ ማርሽ አርባ አንድ፣ ትንሹ አስር ጥርስ ነበረው። በሠላሳ ዘጠኝና በስምንት ለወጥኩለት። የኋላውን ብቻ። የፊቱ ዕቃ ገና አልመጣም ነበር።

የፊትና የኋላው ጥርስ ካልተስማማ ጣጣ እንዳለው ማንም ጀማሪ መካኒክ ያውቃል። በአዘቦቱ የሚጎትተው የኋላው ብቻ ነው፤ አራቱም ጎማ አብረው እንዲጎትቱ ከማርሽ መቀየሪያው አጠገብ ያለችውን ትንሿን እጀታ ሲስቧት የፊቱ ልቅደም ይላል፣ የኋላው ቆይ ይለዋል። ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ይቻቻላሉ። ድንጋይ ላይ ግን አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ስለዚህ ከእኔ ጋራዥ ሥራው ያላለቀ መኪና ሲወጣ፣ ያቺ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ በሽቦ አስራለሁ። ለሁሉም አስራለሁ፤ ለሚጨቀጭቀኝም፣ ለሚያኮርፈኝም።

ለእህቴ ባል አላሰርኩም። የቤት ሰው ነው አልኩ። «ዕቃው እስኪመጣ እጀታዋን እንዳትነካ» አልኩት፤ «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ በጎማው ትንሽ ቀለድኩበትና ሄደ። ለእህቴ እሱ ይነግራታል ብዬ ተውኩት። እሱ ደግሞ እሷ መቼ ትነዳና ብሎ ተወው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ለካ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እማዬን ትንፋሽ አጠራት። ባልየው በሰው መኪና ሥራ ሄዷል። ዝናቡ ቢያባራም ዳገቱ ጭቃ ነበር። እህቴ እማዬን ፒካፑ ውስጥ ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ሐኪም ቤት ወጣች። ጭቃው ሲይዛት የሚገባውን አደረገች፤ እጀታዋን ሳበች። እንደዚያ አድርጊ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጭቃውን አለፈችው። የድንጋይ ንጣፉን ይዛ መቶ ሜትር ያህል እንደሄደች ከሥር ጓ አለ፤ የፊት ጎማዎቹ አንዞርም አሉ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። በዚያ ጠባብ መንገድ ሌላ መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እማዬ ሁለት ሰዓት አልነበራትም።

«ፍሪሲዮኑን አጥብቄ አልረገጥኩት ይሆናል» አለች እህቴ። «ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እግሬ ነው።»

«ዕቃው አርጅቶ ነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ብናገረው ማንም አይይዘኝም። ባሏ እንደሆን ያውቃል፤ ከቀብሩ ወዲህ እሱና እኔ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ሁለታችንም አፋችንን ከያዝን እሷ ዕድሜ ልኳን እግሯን ስትረግም ትኖራለች። ፈራሁ። እውነቱን ብነግራት፣ እናቴን አጥቼ እህቴን መድገም ነው የፈራሁት።

ጥርሶቹን ጠራርጌ መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አርባ አንዱንም፣ ሠላሳ ዘጠኙንም፣ ጨርቁንም።

አላለቀሰችም። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ከምስማር የተንጠለጠሉትን ቀያይ ጨርቆች አየቻቸው።

«የደንበኛ መኪና ቢሆን ታስር ነበር?»

«አስር ነበር።»

«ትረሳ ነበር?»

«ረስቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው እማዬ የደንበኛህ እናት ብትሆን ይሻላት ነበር» አለችኝ።

ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሳፋው ውስጥ መለሰቻቸው፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ጠራኋት። አልዞረችም።

ከሰዓት በኋላ የፊቱ ዕቃ መጣ። ካርቶኑን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ሠላሳ ዘጠኝና ስምንት፤ ልክ ነበር።