በመቀርቀሪያው የተነከሰ ፈትል

ግብረ እድ፥ ይኸውም የሰው ልጅ በገዛ እጁ የሚፈጽመው ሥራ፥ ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ እንኳ እጅን መሻቱን አይተውም፤ ሆኖም ትዕቢት የሚባለው ዕውርና ደንቆሮ መካሪ በከበርቴው ጆሮ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ መሥራት ውርደት፥ ማሠራት ልዕልና፥ ሠርቶ ማወቅም የባሪያ ዕጣ መስሎ ይታያል። አንባቢ ሆይ፥ ይህ የጥንት ሰዎች ድንቁርና ነው ብለህ አትጽናና፤ ነገሩን በጥንት ዘመን ያኖርሁት ለጨዋነት እንጂ ከእኛ መራቁን ለመመስከር አይደለም።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን፥ በደጃዝማች መርዓዊ ግቢ፥ ሉቃስ የሚባል፥ ነምሳ ከተባለው የፈረንጅ አገር የመጣ ጠመንጃ ሠሪ በእንግድነት ስምና በእስረኛነት ግብር ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ ባለ እጅ ወደዚያ ግቢ ይገባል እንጂ አይወጣምና። ከአገሩ ያመጣው ሀብት አንድ ሽጉጥ ነበር፤ አባቱ አፈሙዙን ቀጥቅጦ፥ እርሱ መዘውሩን ሞርዶ፥ ሁለቱም አራት ክረምት ዓይናቸውን አፍስሰው የፈጸሙት፥ እጀታው በዝሆን ጥርስ የተለበጠ፥ ጎኑ በወይን ሐረግ የተቀረጸ ድንቅ ሥራ። መዘውሩ ባሩድና አረር የሚቀበርባቸው ስድስት ጎሬዎች አሉት፤ አንዱ በተተኰሰ ቁጥር መዘውሩን በጣት አዙሮ ቀጣዩን ከአፈሙዙ ትይዩ ማቆም ያሻል፤ ያን ጊዜ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መቀርቀሪያ ከቦታዋ ትገባለች፥ መግባቷንም የሚያውቀው ጆሮ ሳይሆን የጣት ሥጋ ነው። አባትና ልጅ ይህችን መቀርቀሪያ የሞረዷት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ደጃዝማቹ ሽጉጡን ወደደ፤ መውደዱም እንደ ጌታ ነበርና ወሰደው። ለሉቃስ ግን፥ በመስቀል ዕለት በመኳንንቱ ፊት ስድስቱም ያለ ነውር ቢተኰሱ፥ በቅሎና መሪ ሰጥቶ ወደ አገሩ ሊሰድደው ቃል ገባ። ሉቃስ በሰባት ዓመቷ ትቷት የመጣ ሴት ልጅ ነበረችው፤ በየዓመቱም ቁመቷን እየገመተ በጎጆው ግድግዳ ላይ በከሰል ያሰምር ነበር፤ ያን ዓመት ያሰመረው ዘጠነኛው መስመር ከደረቱ ደርሶ ነበር።

ዕለቱ ደርሶ ሉቃስ በደጃዝማቹ ፊት ለጥ ብሎ፥ «ጌታዬ፥ የሚተኵሰውና የሚያዞረው እጅ አንድ ይሁን» አለ።

«እንደ ቀጥቃጭ ብረት ልዳስስልህ ነው?» አለ ደጃዝማቹ፤ መኳንንቱም ሳቁ። «እኔ ቃታ እስባለሁ፤ የሚያዞረው ጋሻ ጃግሬዬ ቢሰውር ነው።»

«እንግዲያስ የቢሰውር ጣት ራቁቱን ይሁን።»

«ራቁት እጅ በጌታ መሣሪያ ላይ?» አለ ቢሰውር። «አንተ ሰው፥ ዘጠኝ ዓመት ስትበላ እንጀራችንን እንጂ ሥርዓታችንን አልቀመስኸውም።» የኩታውንም ጫፍ በጣቶቹ ላይ ጠቀለለ፤ በዚያ ግቢ የጌታ ዕቃ በባዶ እጅ አይነካምና።

አራቱ ያለ እንከን ተተኰሱ፤ ሉቃስ በአራተኛው ፈገግ ማለቱን ያዩ መስክረዋል። በአምስተኛው መዘውሩ ከመንገዱ እኩሌታ ቆመ፤ ቢሰውር በጨርቁ ውስጥ የደረሰ መስሎት እጁን አነሣ፤ ደጃዝማቹ ቃታውን ሳበ፤ አረሩም መውጫ አጥቶ ብረቱን ሰነጠቀ፥ የጌታውንም አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይዞ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሉቃስ ስብርባሪውን ይዞ ከአልጋው ፊት ቀረበ፤ ከመቀርቀሪያዋ ሥር የተነከሰውን ነጭ የጥጥ ፈትልም አሳየ። ደጃዝማቹም አይቶ እንዲህ አለ፦ «ፈትሉ የሎሌዬ ነው፤ እጅህን ሸፍን ያልሁት እኔ፥ እኔንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ታዲያ ማንን ልክሰስ? አባቴን ከመቃብር ላውጣው? ነውሩ የብረትህ ይሁን፤ አንተም ከዚሁ ትቀመጣለህ።»

ከወር በኋላ ቢሰውር ኩታውን አውልቆ በክንዱ እንደያዘ ወደ ሉቃስ ጎጆ መጣ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፥ ወንድሜ።»

«ለጌታህ ንገረው።»

«እርሳቸውማ ያውቃሉ።»

«እንኪያስ ለመኳንንቱ ንገር፤ እነርሱ ከሰሙ ቃሉን ማጠፍ ያሳፍረዋል።»

ቢሰውር ኩታውን መልሶ ለበሰ።

ሉቃስ ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ጠመንጃ ሲጠግን ኖሮ በዚያው ሞተ፤ የከሰሉ መስመር ግን ከደረቱ ከፍ አላለም፤ ልጂቱ ማደጓን አቁማ ይሁን፥ አባት መገመቱን ፈርቶ፥ የጠየቀው አልነበረም። የተሰነጠቀውን ሽጉጥ ያየ ሁሉ የፈረንጅ ሥራ ከንቱ ነው እያለ አለፈ፤ እጁን ከሥራ በጨርቅ የሚሸፍን ትውልድ፥ ጣቱ ሲቈረጥ የሚወቅሰው ብረትን ነውና።