ሬዲዮ ዝም ያለ ዕለት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ሬዲዮ» ብሎ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱም አልተቀየመም። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ መላጣ ሆኖ እስኪነሳ ድረስ ወሬው አያልቅም ይባላል። ይሄ እንኳ ሐሜት ነው፤ በወሬ ተይዞ መላጣ ያደረገው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የታሪኩን መጨረሻ ስለሰማ ሳይቆጣ ሄዷል።

ከመስታወቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በሽቶ ጠርሙሶችና በማበጠሪያዎች መሃል፣ ሁለት ዋንጫዎች ቆመዋል። ከጎናቸው ያለውን የዱቄት ቆርቆሮ ደግሞ ሬዲዮ ሰሞኑን አንስቶታል። ለሦስተኛው ቦታ መልቀቁ ነው።

ዋንጫዎቹ የጠረጴዛ ጨዋታ ሽልማት ናቸው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ እያንዳንዱ የሌላ ሰው ሕይወት ይለብሳል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዷ ንግሥት ትሆናለች። መሪ የሚባለው ታሪኩን ያካሂዳል፣ ሲያጠራጥር ዳይስ ተጥሎ በወጣው ቁጥር ይወሰናል። የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩም በየዓመቱ ለምርጥ አዲስ ጨዋታ ዋንጫ ይሰጣል። ደንቡ፣ ደራሲው ራሱ መሪ ሆኖ ሦስቱን ዳኞች ያጫውታል ይላል። ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። ሬዲዮ ግን አስተዋይ ሰው እንዳወጣው አይጠራጠርም።

ሬዲዮ ዋንጫ በወሰደባቸው በሁለቱም ዓመታት ሁለተኛ የወጣችው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ሥራዋ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ መሞረድ ነው። ድምጿ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ስትመራ ዓይኗን ከወረቀቷ አታነሳም፤ ዳኞቹ ለመስማት ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደ ኋላ ይደገፋሉ፣ ከዚያ ማዛጋት ይመጣል። ሬዲዮ ከልቡ ያዝንላት ነበር። የሚያዝን ሰው ደግሞ አሸናፊ መሆኑን አይረሳም።

ዘንድሮ ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ሬዲዮን ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ጭራሽ ተዘጋ። ደንበኞቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ቆይተው ግን ዝምታው ጨነቃቸውና ሎሚ የሚያመጣ፣ ማር የሚያመጣ በዛ። ሰውየው የፈራው ግን ሌላ ነው። «የጠፋው ድልድይ» ያለውን አዲሱን ጨዋታውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስሞክር ዳኞች ፊት ሊቀርብ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሱቁን ዘጋና ሚስቱን፣ ጎረቤቱን ጫማ ሠሪና አንድ ደንበኛውን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። የሚስቱን እህት በእጁ ምልክት ለመናት፤ ወረቀቱን ሰጥቶ አንቺ ምሪልኝ አላት።

«እሺ ጋሼ። ግን የተጻፈውን ነው የምመራው፤ እንዳንተ አላውቅበትም።»

ራሱን ነቀነቀ። እሷም ጀመረች፤ «መንገደኞቹ ድልድዩ የነበረበት ቦታ ደረሱ። ድልድዩ የለም።»

«እህ፣ ከዚያስ?» አለ ጫማ ሠሪው።

ወረቀቱን አየች። «እዚህ ላይ መሪው እንደመሰለው ያጫውት ይላል።»

እንደምንም አለፉት። ወንዙን ተሻገሩና አንዲት አሮጊት አገኙ። አሮጊቷ ምን ትላለች? መሪው እንደመሰለው። የድልድዩ ሌባ ማነው? መሪው እንደመሰለው። ጫማ ሠሪው የራሱን ጫማ አውልቆ ሶሉን ይመረምር ጀመር። የሬዲዮ ሚስት ተነስታ ፎጣ ማጠፍ ያዘች። ደንበኛው በትህትና አንቀላፋ።

ሬዲዮ ደሙ ፈላ። ከተዘጋው ጉሮሮው የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ አወጣ። «ገደልሽው! ሆን ብለሽ ነው!»

ልጅቷ ወረቀቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አልጨመርኩም አልቀነስኩም፣ ጋሼ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች።

ሚስቱ የያዘችውን ፎጣ ወረወረችበት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የጻፍከውን አነበበችልህ እንጂ ምን አደረገችህ? እስቲ ራስህ አንብበው። ድምፅ እንደሆነ ጌታ ይመስገን የለህም።»

ሁሉም ሲሄዱ ብቻውን አነበበው። ሲመራ ወረቀቱን ገልጦ አያውቅም ነበር፤ ምን ያደርግለታል፣ የጻፈው ራሱ ነው። አሁን አንድ ገጽ ያነባል፣ ቀና ብሎ ዋንጫዎቹን ያያል፣ ደግሞ ያነባል። ጨዋታ የለም። ያለው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳኞቹ የሸለሙት ምላሱን ነው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን ሲያፍር ጓደኛ ይፈልጋል። የእሷም ቢሆን ከዚህ አይሻልም ብሎ፣ ከሚስቱ የእህቷን ጨዋታ ቅጂ ተቀብሎ እንከን ሊፈልግለት ተቀመጠ። ጨዋታው ቀላል ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ጎርፍ መጥቷል፤ ደንቡ አንድ ብቻ ነው፣ ማንም የሚያስፈልገውን ከራሱ ቤት አያገኝም፣ ሄዶ ጎረቤቱን መለመን አለበት። ለእያንዳንዱ ጎረቤት ደግሞ ከሌላው ጋር አንድ የቆየ ቅያሜ ተሰጥቶታል። ሬዲዮ አገላብጦ ፈለገ፤ መሪው የሚያወራበት ቦታ አጣ። ይኸው እንከኑ አለ። ትንሽ ቆየና፣ እንከን አለመሆኑ ገባው።

ድምፁ በውድድሩ ዋዜማ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ተመለሰ። ሚስቱ ሰማችው። «እሰይ! እንግዲህ ምን ልታደርግበት ነው?» አለችው።

እውነቱን ለመናገር ሦስተኛውን ዋንጫ ይፈልገው ነበር። የማይረባ ጨዋታ መሆኑን አውቆም ይፈልገው ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ጠዋት ማታ ያየዋል።

ውድድሩ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። እንደተለመደው ለመጨረሻ የቀረቡት እሱና የሚስቱ እህት ናቸው። ዳኞቹ አንድ የሂሳብ መምህር፣ አንድ ታክሲ ነጂና ሰብሳቢያቸው፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሬዲዮ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ ይፍቀዱልኝ። ዘንድሮ እንቀያየር። እሷ የኔን ትምራ፣ እኔ የሷን።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ታክሲ ነጂው ሳቀ። «ብልጥ! የሷን ሆን ብለህ ብታበላሸውስ?»

ሬዲዮ ሊቆጣ አሰበና ተወው፤ ያው ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ በራሱ ልብ ውስጥ ሲመላለስ ነበር። ሲስተር ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? የሚጎዳ ካለ አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ እሱን አየችው። ካለፈው እሁድ ወዲህ አልተነጋገሩም። «ጋሼ ካለ እሺ» አለች።

ከስድብ ይልቅ ይህች ቃል ከበደችው።

ሲስተር ደንቡን ለዘንድሮ ብቻ አነሱት። መጀመሪያ እሷ «የጠፋው ድልድይ»ን መራች፤ እንደተጻፈው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ዳኞቹ በጨዋ ደንብ ችለው ጨረሱት። ታክሲ ነጂው፣ «ይሄ ሰውዬ እውነት ይሄንን ነው የጻፈው?» ሲል ሬዲዮ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። ጎርፉን አስገባ፣ የሦስቱንም ቤት አሳያቸው፣ ደንቡን ነገራቸው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቢያዛጋ፣ አንድ ቦታ ቢያንቀላፋ ይበቃል፤ ማንም አያውቅበትም። ባዶው መደርደሪያ ትዝ አለው። እሷ ጥግ ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። እሱን እንጂ ዳኞቹን አታይም።

«በሉ፣ ማን የማንን በር ያንኳኳል?» ብሎ ዝም አለ።

መምህሩ ሻማ ፈልጎ የታክሲ ነጂውን በር አንኳኳ። ታክሲ ነጂው፣ «ያን ጊዜ ልጄን ስትመታው ሻማ አላስፈለገህም ነበር!» ብሎ ከለከለው። መምህሩ ተናደደ፣ የምር ተናደደ። ሲስተር ሁለቱንም ገመድ ለመኑ፤ እንቢ ሲሏቸው ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሬዲዮ አፉ ውስጥ ነጎድጓድ ይዞ፣ የሚጮህ ውሻ ይዞ፣ አንዲት የምታለቅስ ሕፃን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ተራው አልመጣም። ጎርፉ ደረጃው ላይ ሲደርስ ታክሲ ነጂው ተነሳና፣ «ና ግባ። ልጄን ግን ይቅርታ ጠይቀው» አለው። መምህሩም እንጥሉ እስኪታይ ሲሟገት እንዳልነበር አንገቱን ደፋ። የጨዋታ ሻማ ነው፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዋንጫው ለእሷ እንደሆነ ሲነገር ከኋላ ወንበር አንዱ ጮኸ። «ይሄም ፍትሕ ነው? ያው ምላሱ ነው ያሸነፈላት!»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። «ምላሱ? ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ተናገረ? ከሰዓቱን ሙሉ ስናወራ የዋልነው እኛ ነን።»

በማግስቱ ሱቁ በደንበኛ እንደተሞላ ልጅቷ ዋንጫውን ታቅፋ መጣች። ሬዲዮ መቀሱን አስቀምጦ ወደ መደርደሪያው ተንጠራራና ሁለቱን ዋንጫዎች አወረደ።

«እነዚህም ያንቺ ናቸው። ውሰጂያቸው። ያን ዕለት ስለተናገርኩሽም ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። እነሱን ግን መልሳቸው» አለች። «ያኔ ስትመራ ሰምቼሃለሁ እኮ፤ እንቅልፍ ነው ያሳጣኸኝ። ደራሲ አይደለህም እንጂ ተራኪማ ነህ።»

ሱቁ ሙሉ ሳቀ፤ ሬዲዮም አብሮ ሳቀ፤ ደስም አለው፤ ሁለቱን ዋንጫዎችም መለሳቸው። ከዚያ እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ ዋንጫዋን ባዶው ቦታ ላይ አቆመችው።

«ምን ማድረግሽ ነው? ያንቺ አይደል?»

«የኔ ነው። ቤቴ ባስቀምጠው ግን ስለ እሱ ማን ያወራል? እኔ እንደሆንኩ አልችልበትም» አለች በርጩማውን እየጠረገች። «አንተ አውራልኝ፣ ጋሼ። ሳትጨምር ሳትቀንስ።»

ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ፎጣ በአንገቱ እንደተጠመጠመ ዞረና፣ «የምን ዋንጫ ነው?» አለ።

ሬዲዮ መቀሱን አነሳ። ጀመረም፤ ሳይቀንስ።