የገሃድ ቀትር

ወንድሜ ኦስታፕ በልደት ገሃድ ዕለት ከሞት አፋፍ የደረሰው በበሽታው ምክንያት እንደ ሆነ በመንደራችን ሁሉ ይነገራል። ሰዎች ይህን እያሉ ሲያጽናኑኝ አንገቴን እደፋለሁ።

አያቶቻችን ከዩክሬን ይዘውት የመጡት ሥርዓት በዚህ በማኒቶባ ሜዳ በእኛ ቤት አንድ ዓመት እንኳ ተቋርጦ አያውቅም። በገሃድ ዕለት የመጀመሪያው ኮከብ ሳይታይ እህል አይቀመስም። ኮከቡ ሲታይ የቤቱ ታላቅ ጸሎት ያደርሳል፤ በማር የተለወሰውን የስንዴ ንፍሮ ቀምሶ ለሌላው ያቀምሳል፤ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለቱ የጾም ምግቦች በየተራ ይቀርባሉ። አባታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አርባ ዓመት መዝሙር መርቻለሁ፤ በጾም ወራት ለምእመናን የጾምን ሥርዓት የማስተምረውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ባለማወቅ አጠፋሁ ለማለት እንደማልችል አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው።

ኦስታፕ በስምንት ዓመት ታናሼ ነው። ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ለልቡም መድኃኒት ይወስዳል፤ ጠዋት ጠዋት መርፌውን ይወጋል፤ መርፌውን ወግቶ በሰዓቱ ካልበላም ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድበታል። ባለቤቱ ኦሪሲያ የበዓሉን ምግብ ለአረጋውያን መኖሪያ ልታደርስ ስለ ነበረ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ወንድሜን እኔ ዘንድ ልትተወው በስልክ ጠየቀችኝ። በመጨረሻም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቀትር ላይ ምሳውን አብላልኝ። አንተ ፊት መብላት ያፍራል፤ አንተ ብላ ካላልከው አይበላም» አለችኝ። እሺ አልኋት።

በዕለቱ እኔና ወንድሜ ገበታውን አሰናዳን፤ ከገበታው ጨርቅ ሥር የልደቱን በረት ለማሰብ ድርቆሽ ጎዘጎዝን፤ በዓመቱ ውስጥ ላረፉት ዘመዶቻችን ባዶ ወንበር አስቀመጥን። ቀትር ሲሆን የኦሪሲያ ቃል ትዝ አለኝ። አልረሳሁትም። ነገር ግን «ራሱ ይጠይቀኝ» ብዬ በልቤ አሰብሁ። አባታችን ታመው በነበሩበት ዓመት እንኳ በዚህ ቀን ውሃ አልቀመሱም ነበርና የወንድሜ መብላት የቤታችንን ሥርዓት የሚያጎድል መሰለኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኦስታፕ ወደ ማድ ቤት ገብቶ ከዳቦው ጫፍ ቆረሰ። ከኋላው ቆሜ አየሁት።

«ምነው ኦስታፕ፣» አልሁት፣ «እንደ ሕፃን ልጅ ረኃብ አላስችል አለህ እንዴ? አባባ ቢያዩህ ምን ይሉ ነበር?»

ሳቀ። ቁራሹን ዳቦው ወደ ተሸፈነበት ጨርቅ መለሰና፣ «እሺ ጋሼ፣ ከአንተ ጋር ተከራክሬ መቼ አሸንፌ አውቃለሁ» አለኝ። ዳቦውን ሲሸፍን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን ያፈረ መሰለኝ፤ ይባስ ብሎም በመታዘዙ ደስ አለኝ።

በዐሥር ሰዓት ኦሪሲያና ልጄ ሮማና በአንድ መኪና መጡ። ኦሪሲያ በረዶውን ከጫማዋ እያራገፈች «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አላስቸገረህም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደኅና ነው» አልኋት።

ሌላ ነገር አልጨመርሁም። እርስዋም በልቷል ማለቴ መስሎአት ልብስዋን ሰቀለችና ወደ ማድ ቤቱ ሥራ ገባች። ውሸት ከአፌ አልወጣም፤ ቢሆንም በእግዚአብሔር ፊት ከዚህ ቃል የከፋ ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም።

ጨለማው ከወደቀ በኋላ በመስኮቱ ቆሜ ሰማዩን እመለከት ጀመር። በረዶ ያዘለ ደመና ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። ሮማና ሰዓት አይተን እንድንጀምር ለመነችኝ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ደመና በሆነ ጊዜ እንዲያ ማድረጋችንንም አስታወሰችኝ። ጥቂት እንታገሥ አልኋት። ሁለተኛ ጠየቀችኝ፤ ሁለተኛም እንዲሁ አልኋት። ኦስታፕ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ኮከቡም ዘንድሮ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶበት ይሆናል» ብሎ ቀለደ። ምላሱ ተሳሰረና የቃሉ መጨረሻ ጠፋ። ሴቶቹ ሳቁ። ግንባሩ በላብ ርሶ ሳየው የምድጃው ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ ፊቴንም ወደ መስኮቱ መለስሁ።

ኦስታፕ ከነወንበሩ ሲወድቅ የሰማሁት ፊቴን ሳልመልስ ነው።

ኦሪሲያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ራሱን በጉልበቷ ደገፈች። «ምሳውን በልቶ ስኳሩ እንዲህ ሊወርድ አይችልም፤ ልቡ ነው» እያለች የልብ መድኃኒቱን በቦርሳዋ ውስጥ ትፈልግ ጀመር። በእኔ ዝምታ ምክንያት ያለፉት እነዚያ ደቂቃዎች እስከ ዛሬ ይከብዱኛል። በመጨረሻ «ስኳሩን ለኪው» አልኋት። ለምን እንዳልሁ ግን አልነገርኋትም። ጣቱን ወግታ ቁጥሩን ባየች ጊዜ ፊትዋ ዐመድ መሰለ። እኔ የማሩን ሳህን ይዤ ስጠጋ፣ መዋጥ ስለማይችል ያንቀዋል ብላ እጄን ገፋችው። ሮማና አምቡላንስ ጠራች። በበረዶው ምክንያት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደባቸው፤ እዚያው ወለሉ ላይ በደም ሥሩ ስኳር ሰጡትና ይዘውት ሄዱ።

በሆስፒታሉ ዐይኑን ሙሉ በሙሉ ገልጦ ሲያወራ ኦሪሲያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ትቆጣው ጀመር። «አንተ ሽማግሌ፣ ምሳህን እንደ ሕፃን እያባበልኩ ላጉርስህ? ምን ነበር ያሰብከው?»

ኦስታፕ አየኝ። ከዚያም ዐይኑን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ «ረሳሁት። ጋሼማ ብላ ብሎኝ ነበር» አላት።

ወንድሜ ለእኔ ክብር ሲል በገሃድ ዕለት ዋሸ። ከሞት አፍ ወጥቶ የተናገረው የመጀመሪያ ረጅም ቃል እኔን የሚሸፍን ሐሰት ሆነ። ዝም ብል ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር፤ ዝም ለማለትም ወድጄ እንደ ነበር አልክድም።

«አላልሁትም» አልሁ። «ዳቦ ሲያነሣ ያሳፈርሁት እኔ ነኝ። አንቺ ስትጠይቂኝም አውቄ ነው የሸፈንሁት።»

ኦሪሲያ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ድምፅዋን ግን አላነሣችም።

«ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ይጹም ብላ ታዛለች?»

«አታዝም።»

«ይህንን ማን ነው ያስተማረኝ?»

አስተማሪዋ እኔ ነበርሁ።

«የጥምቀት ገሃድ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው» አለች። «ያን ቀን እኔ አላበላውም፤ አላስታውሰውምም። አንተ ትመጣለህ።»

ኦስታፕ ነገሩን ሊያበርድ፣ «ተይው እንጂ፣ ሰውዬው ደነገጠ እኮ» አላት።

«ይደንግጥ» አለችው።

በጥምቀት ገሃድ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤታቸው ደረስሁ። ኦሪሲያ የቀይ ሥር ሾርባ በምድጃው ላይ ትታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሾርባውን ቀድቼ፣ ዳቦ ቆርሼ ከወንድሜ ፊት አኖርሁ። እርሱም ማንኪያውን አንሥቶ አስቀመጠ፤ ሁለተኛም አንሥቶ አስቀመጠ። እስከ ማታ ያን ያህል እንደማይርበው፣ አንድ ሰዓት ቢቆይ ምንም እንደማይሆን ነገረኝ።

«ኦስታፕ፣ ብላ» አልሁት።

«አንተ እየጾምክ ፊትህ ቁጭ ብዬ? አይሆንልኝም ጋሼ። ትንሽ ወጣ በልልኝ።»

ወጣ ልል ተነሣሁ፤ ከበሩ ስደርስ ግን ቆምሁ። ወንድሜ ከእኔ ተሸሽጎ እንዲበላ የማደርገው ከሆነ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ሁሉ እኔን እያሰበ ሊራብ ነው። ይህን ኀፍረት የተከልሁበት አንድ ቀን አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ነው።

ተመልሼ ሁለተኛ ሳህን አወረድሁና ለራሴ ቀዳሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በገሃድ ቀትር እህል ቀምሼ አላውቅም ነበር። አማትቤ፣ ቀድሜው ጎረስሁ።

ኦስታፕ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ጋሼ፣ ምን ነካህ?»

«ሾርባው ይቀዘቅዛል» አልሁት።

ያን ጊዜ መብላት ጀመረ። በየጉርሻው መካከል ቀና እያለ ዐይኔን ያያል፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ወንድሜ እንዲህ ባየኝ ቁጥር እኔም አንድ ማንኪያ እጎርሳለሁ። እርሱ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ማንኪያዬን አላስቀመጥሁም።