በየትኛው አስር ሰዓት?

ጋሽ ተክለሃይማኖት በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ከመሰደዳቸው በፊት ጎንደር ላይ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ላስ ቬጋስ ግን የሚፈልጋቸው ለሌላ ኖሮ፣ ዕድሜያቸውን የካዚኖ እንግዶችን መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ጨረሱት። መምህርነቱ የተመለሰላቸው በጡረታ ነው። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ባለው ቤታቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ጋ ቁጭ ይሉና፣ የኮሌጅ ተማሪዎች የቤት ሥራ ሲቸግራቸው የሚጠያየቁበትን ድረ ገጽ ከፍተው፣ ለማያውቁት የሰው ልጅ ሁሉ ሲያስረዱ ይውላሉ።

የነገሩ መነሻ አንድ ልጃቸው ሳሮን ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በዚሁ ጠረጴዛ ሒሳብ አብረው ሠርተዋል። ኮሌጅ ገብታ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ቤት ስትከራይ ግን ጥያቄው ቀረ። አንድ ቀን ደውለው "የከበደሽ ነገር የለም ወይ?" ቢሏት፣ "ኖ አባዬ፣ ኦንላይን ፖስት አደርጋለሁ። ቶሎ ይመልሱልኛል" አለቻቸው።

ክፉ አልተናገረችም። እሳቸው ግን ቃሏን ሲያላምጡ ሰነበቱ። እኔ የሌለኝ ምን አላቸው ብለው ሊያዩ ገቡ፤ እንደገቡ ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ሊያስተምሩ አልነበረም። እዚያ ሰው ሁሉ በቅጽል ስም ነውና፣ ከጠያቂዎቹ አንዷ ሳሮን ትሆን ይሆናል ብለው ነው።

"እዚያ ውስጥ ከምትፈልጋት ለምን አትደውልላትም?" ትላቸዋለች ባለቤታቸው ላቀች። "የሃያ ደቂቃ መንገድ እኮ ነው!"

"ምን ብዬ?"

"ናፍቀሽኛል በላታ!"

"እንዲህ ተብሎ ይደወላል?"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥያቄ አዩ። ሁለት ፓምፖች በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ ስምንት ላይ ቢከፈቱ ገንዳው መቼ ይሞላል? ጠያቂዋ አራት ሰዓት እንደሚፈጅ አሳምራ አስልታ፣ መጨረሻ ላይ "ስድስት ሰዓት" ብላ ጽፋለች። ከታች ሳቁ በሳቅ ላይ ነው። "ስምንትና አራት ከመቼ ወዲህ ስድስት ሆነ?"

የጋሽ ተክለሃይማኖት ልብ ዘለለች። የፈረንጁ ስምንት የእኛ ሁለት ነው፤ አራት ሲጨመርበት ስድስት፣ እኩለ ቀን! ቀና ብለው ከፍሪጁ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አዩ። ያ ሰዓት አንድም ቀን በአሜሪካ አቆጣጠር ተሞልቶ አያውቅም፤ ሳሮን ሰዓት መቁጠር የተማረችው ከሱ ነው። የኮሌጅ ተማሪ ይህን ትስታለች ወይ? የናፈቀ ልብ ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

"ስሌትሽ ልክ ነው" ብለው በአማርኛ ጻፉ። "ያየሽው የቤትሽን ሰዓት ነው። የማን ልጅ ነሽ?"

መልሱ ወዲያው መጣ። "ውይ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ? ናጃት እባላለሁ። በዲቪ ሚኒሶታ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነው። ሁሉም ሲስቁብኝ እርስዎ ደረሱልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ!"

ደስ ሊላቸው ሲገባ ከፋቸው። የሰው ልጅ ረድተው የራሳቸው ስላልሆነች ማዘናቸው አሳፈራቸው። ስልኩን አነሱ።

"ሳሮንዬ፣ እዚህ አንድ የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ አለ። አልገባኝም።"

ዕድሜ ልካቸውን ለልጃቸው "አልገባኝም" ብለው አያውቁም።

"አንተ? አልገባህም?" አለች ሳሮን። "ኦኬ... ነገ ኦፍ ነኝ። ስንት ሰዓት ልምጣ?"

"አስር ሰዓት።"

ላቀች "ልጅ ለናቷ ምጥ ልታስተምር ነው!" ብላ ሳቀችና ድንገት ሳቋን ገታች። "በየትኛው አስር ሰዓት?"

ጋሽ ተክለሃይማኖት ደነገጡ። "ደውለህ አጣራ" ብትላቸውም እምቢ አሉ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። የፈረንጁ አስር ሰዓት መጣ፤ አለፈም። በደጅ የቆመ መኪና የለም። ሰዓቱን አስታውሳ ነው ወይስ እኔን ረስታ? ምሳ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ተዉት። ላቀችም ማሾፏን ትታ አብራቸው መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር።

የግድግዳው ሰዓት አስር ሲል የመኪና በር ተዘጋ። ሳሮን ገብታ ሁለቱንም ሳመቻቸውና ከፍሪጁ በላይ ቀና ብላ አየች።

"አልዘገየሁም አይደል፣ አባዬ?" ብላ የድሮ ወንበሯን ሳበች።

ጋሽ ተክለሃይማኖት ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። እርሳሱን አቀበሏት።