ፒያኖዋ ደንበኛ ስትሆን

አማቴ አቶ ገብረአብ ፒያኖ ቃኚ ነበሩ። በ1982 ክረምት ዐይናቸው ደክሞ የገዛ ካርዶቻቸውን ማንበብ ሲያቅታቸው፣ ሥራውን ለልጃቸው፣ ለባለቤቴ ለለተኪዳን፣ ለማስረከብ ወሰኑ። ፒያሳ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው መቶ አርባ ካርድ ነበራቸው፤ ለእያንዳንዱ ፒያኖ አንድ። ወደ አገሩ የተመለሰ የኤምባሲ ደንበኛ ኮምፒውተሩን ትቶላቸው ስለሄደ፣ የቀረው ካርዶቹን የሚይዝ ፕሮግራም መምረጥ ነበር።

ቸርችል ጎዳና ላይ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ሲራጅ ሁለት ፍሎፒ ይዞ መጣ። አንዱ ከውጭ የመጣ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ነው። ሌላው ራሱ በአማርኛ የሠራው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሽ ገብረአብ» አለ። «የፈረንጁ ይበልጣል። የቅኝት ቀን ሲደርስ ራሱ ያስታውሳል። የኔው አያስታውስም።»

«ታዲያ ምን ያከራክራል?» አልኩ።

አማቴ ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። «የፒያኖው ባለቤት ሲቀየርስ?»

«የድሮው ስም ይጠፋና አዲሱ ይገባል። ለባለቤት ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እሱን መልሰው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ የሚባሉ መበለት በየዓመቱ መስከረም ላይ ይመጣሉ። ባንኮኒውን ተደግፈው «እንዴት ናት?» ይላሉ። በ1967 ቤታቸው ሲወረስ ፒያኗቸውም አብራ ሄዳለች፤ መጀመሪያ ቀበሌ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ሴቶች ማኅበር፣ ከዚያ ወዴት እንደሆነ ከአማቴ ካርድ በቀር የመዘገበ የለም። ቤት ለመውረስ የቀረበውን ክርክር አውቃለሁ፤ ተከራይን ከአከራይ ያድናል ተብሏል። ከመበለት ላይ ፒያኖ መውሰድ ማንን ከማን እንደሚያድን ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ቢሆንም ተከራከርኩ። «ደንበኛ ማለት ዛሬ የሚያስቃኝ ነው። ለተኪዳን በዚህ ሥራ ልትኖር ነው። ለአንዲት ሴት ጥያቄ ሲባል የማያስታውስ ፕሮግራም ይመረጣል?»

«የአንተ ሥራ መቆጣት ነው፤ ተቆጣ» አሉኝ። «ክረምት ሲገባ ፒያኖ ሁሉ ቅኝቱን ይከዳል። ይህን ለማስታወስ ማሽን አያሻም።»

ሲራጅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቀድሞ ባለቤት የሚል መስመር እኔም ጋ የለም፤ ያለው ባዶ የማስታወሻ ቦታ ብቻ ነው። ደግሞም አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ ቢያነበው…»

«ስም የሚለው ቦታ ላይ የሰው ስም ግዴታ ነው?» አለች ለተኪዳን።

«ማሽኑ ምን ያውቃል?»

«እንግዲያው ደንበኛዋ ፒያኖዋ ትሁን። አቦይ፣ የወይዘሮዋን ፒያኖ ምን ነበር የሚሏት?»

«ጥቁሯ ጀርመን።»

«ስም፣ ጥቁሯ። የአባት ስም፣ ጀርመን። የያዟትን ሰዎች ሁሉ ማስታወሻው ላይ በተራ እንደረድራቸዋለን፤ ላየው የዕቃ ደላላ መዝገብ ይመስላል።»

«ጾታም ይጠይቃል» አለ ሲራጅ።

«ሴት ናት፤ ቶሎ ትኮርፋለች» አሉ አማቴ።

ካርዱ ወደ ማሽኑ ከተገለበጠ በኋላ ለተኪዳን የወይዘሮዋን ስም ጽፋ ፈለገች። ማሽኑ «አልተገኘም» አለ። ደግማ ጻፈች፤ አሁንም አልተገኘም። ካርዱ ላይ «ዓለምጸሃይ» ይላል፤ እሷ የጻፈችው «አለምፀሐይ» ነው።

እኔ ነደድኩ። ቤታቸውን ወረሱባቸው፣ ፒያኗቸውን ወሰዱባቸው፣ አሁን ደግሞ በሁለት ዓይነት «ጸ» ይጥፉ? ሲራጅ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እስኪመሽ ሠራ፤ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ማሽኑ እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው አደረገ። አማቴ እጁን ይዘው «የአንተን ነው የምወስደው» አሉት።

መስከረም ላይ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ መጡ። አማቴ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ በድምፃቸው ለዩአቸው እንጂ አላዩአቸውም። ለተኪዳን ስማቸውን በመጣላት ፊደል ጽፋ አገኘችው።

«አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ናት። ደህና ናት፤ ሁለት ክር ብቻ ተበጥሶባታል። ሰኞ ልሠራት እሄዳለሁ።»

ወይዘሮዋ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከ«እንዴት ናት» አልፈው የጠየቁት ያኔ ነው።

«እኔን ያስገቡኛል?»

ለተኪዳን ወደ አባቷ ዞረች።

«ቃኚ ረዳት ይዞ ይሄዳል» አሉ አማቴ። «የመቃኛ ቦርሳውን ይያዙላት።»