በሚካኤል የተሰጣ አንሶላ

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። የኔ ባል ቆብ ስለሌለው ልብስ ማጠብ ጀመረ።

እንዳሻው ዕድሜውን ሙሉ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ኖሮ አምና ጡረታ ወጣ። ከዚያማ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ዩቲዩብ ማየት ያዘ። አንዱ ፂማም ፈረንጅ፣ ድራየር የሚሉት የልብስ ማድረቂያ መብራት ይበላል፣ የልብስ ማለስለሻውም መርዝ ነው ብሎ አሳመነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። አብረን ስንኖር አንዲት ካልሲ አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ ያስረዳኛል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼ ነው። እኔ እኮ በስደት ካርቱም ሳለሁ፣ ከጓደኛዬ ከእንቁ ጋር የሰው ጀለቢያ እያጠብኩ ነው የኖርኩት። እጃችን ተልጦ በርበሬ መንካት ሲያቅተን፣ አብራን የተሰደደችው እናቴ ናት ሁለታችንንም በእጇ ታጎርሰን የነበረችው። አሜሪካ ስገባ ከሁሉ በፊት የወደድኩት ነገር ቢኖር ድራየር ነው።

አሁን ቤቴ ውስጥ ማለስለሻ የለም፤ አቼቶ ነው። ፎጣው ሁሉ ሰላጣ ሰላጣ ሊሸት ነው ብዬ ጮህኩ። ሲደርቅ ይጠፋል አለኝ። እውነትም ሽታው ጠፋ፣ ፎጣውም ለሰለሰ፤ ይህን ግን ብሞት አልነግረውም። ቀጥሎ ሳሙናውን በግማሽ ቀነሰ፣ ነጭ ነጩን ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ዘፈዘፈ፣ ሙቅ ውሃ የሚባል ነገር ከቤቱ አገደ። ከዚያ ከአጥሩ እስከ ጋራዡ ገመድ ወጠረ። የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ ጂንስ እንኳ ምሳ ሳይደርስ ይደርቃል፤ እሱንም አልካድኩም። ግን ነፋሱስ? አንድ ቀን የውስጥ ሱሪውን አንስቶ ጎረቤት ግቢ ጣለው፤ ሴትየዋ ሥርዓት ባለው መንገድ አጣጥፋ በር ላይ አስረከበችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይሁን ብዬ ቻልኩት። ሎውሪ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ አንድ ቀን ሽፍቴን ጨርሼ ቤት ስገባ ድራየሬ ቦታው ላይ የለም። አውሮራ ለሚኖሩ፣ ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ ባልና ሚስት ሰጥቶታል። ምነው ሳታማክረኝ ስለው፣ ለነፍሳችን ነው አለኝ። ምጽዋት ነው ካለ በኋላ ምን ልበል? እግዜርን ከፊቴ አቆመብኝ እኮ። አንጀቴ እያረረ፣ እግዚአብሔር ይቀበለው አልኩ።

ይህም ቢሆን ባላስጨነቀኝ፤ ግን የግንቦት ሚካኤል ጽዋ ተራው የኔ ነበር። በዚያ ላይ እንቁ ልትመጣ ነው።

እኔና እንቁ ካርቱም አንድ ሳፋ፣ እዚህም ስንመጣ አንድ አፓርታማ፣ አንድ ማኅበር ነበርን። አገሯ ተመልሳ የነበረችው እናቴ ጎንደር ላይ ስታርፍ መርዶ ተነግሮኝ እዚሁ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። የዴንቨርና የአውሮራ ሐበሻ ሁሉ መጣ፤ ስሙን የማላውቀው ሰው ሳይቀር እንጀራ ተሸክሞ መጣ። እንቁ ግን አልመጣችም። በሰርግ የቀረ ይቅር ይባላል፤ በለቅሶ የቀረ ሰው ምን ይባላል? እኔ ዝም አልኩ፣ እሷም ዝም አለች፣ ጭራሽ ማኅበሩንም ተወች። እንዲሁ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ወልደየስ፣ ደጇ ድረስ እየተመላለሱ ለመኗትና እመጣለሁ አለች። ለኔም፣ ይቺ ቀን ካለፈች ሌላ አትገኝም፣ በር ላይ ፊትሽን እንዳታጠቁሪባት ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔ እቴ፤ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንቁ ቤቴ ገብታ እንድትቀመጥ።

ሚካኤል ቅዳሜ ላይ ዋለ። አርብ እኔ ሥራ ነበርኩ። ዶሮውን ሐሙስ ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ ለእንዳሻው የቀረችው ቤቱን መጥረግ ብቻ ናት። እሱ ግን እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ንጹሕ ይሁን ብሎ አንሶላውን፣ መጋረጃውን፣ የሶፋውን ልብስ፣ ሸሚዞቹን፣ ያለንን ሁሉ አጥቦ ግቢ አሰጣ። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። በግንቦት! የዚህ አገር ሰማይ እንደ እንዳሻው ነው፤ ማንንም አያማክርም። ማታ ስመጣ ሳሎኔ ውስጥ ከመጋረጃው ዘንግ እስከ ኪችኑ በር ገመድ ተወጥሯል፤ አንገቴን ደፍቼ ካልሆነ ማለፊያ የለም። እስኪነጋ ይደርቃል አለ። ሲነጋ ይንጠባጠባል። ሰው ሳይመጣ ሁሉንም ቤዝመንት አውርድልኝ ብዬ፣ እንደ ሕፃን አባብዬው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ቀድሜ ስመለስ አንዲት ካልሲ እንኳ ከቦታዋ አልተነሳችም። እንዳሻው ነጭ ለብሶ፣ ስልኩ ላይ ቅዳሴ ከፍቶ፣ እርጥብ አንሶላዎች መሃል ተቀምጧል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣

"ዛሬ ሚካኤል አይደል እንዴ? በሚካኤል ልብስ አይነካም" አለኝ።

በስመአብ። የተከለከለው ማጠብ ነው አልኩት። ማውረድም ሥራ ነው አለ። አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ማሰብ አቅቶህ ነው ዛሬ ባሕታዊ የሆንክብኝ አልኩት። ቀስ በይ፣ ቅዳሴ ላይ ነኝ አለኝ። እኔ ራሴ ላወርደው እጄን ስዘረጋ ደወሉ ተደወለ።

እንቁ ናት። ከሁሉም ቀድማ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ከስታለች። እንደምን ዋልሽ፣ ደኅና ዋልሽ ተባባልን፤ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ እንደተገናኙ ሰዎች። ግቢ አልኳት፣ ገባች። ግን የት ትቀመጥ? በየወንበሩ መደገፊያ እርጥብ ልብስ ነው። በቃ ተመልሳ ልትወጣ ነው አልኩ፤ እሷ ባትኖር እንዳሻውን እዚያው ባነቅኩት ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ገመዱን ታያለች። ሸሚዞቹ በኮሌታቸው ተንጠልጥለዋል፤ አንሶላው ሳይጨመቅ፣ እጥፍጥፍ እንዳለ ገመዱ ላይ ተከምሯል።

"ማነው እንዲህ ያሰጣው?" አለች።

እንዳሻው ነው አልኳት።

"ይኼ እስከ ፍልሰታም አይደርቅ።"

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እንዳሻው ሚካኤል እኮ ነው ሊላት ሲጀምር፣ በኔ ይቁጠረው፣ አንተ ሳፋ አምጣ አለችው። ተነስቶ አመጣ። እኔ ስለምነው ያልተነሳ ሰው! ሸሚዞቹን ገልብጣ በግርጌያቸው ሰቀለቻቸው። ከዚያ ትልቁን አንሶላ ስባ አወረደችና አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ጠመዘዝን። ማን ወደየት እንደሚያዞር አልተነጋገርንም። ውሃው ሳፋው ውስጥ ወረደ። ልናጥፈው ጫፍና ጫፉን ይዘን ወደ መሃል ስንመጣ እጄ እጇን ነካው፣ ፊት ለፊት ሆንን።

"ለምን ለቅሶዬ አልደረስሽም?" አልኳት። ላልል ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

አንሶላውን አልለቀቀችም።

"መርዶ የሚነግረኝ ሰው እየጠበቅኩ ነበር" አለች።

አልገባኝም። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የእናቴን ፎቶ ከነሻማው ፌስቡክ ላይ አየችው። እንደ ወጉ ሊነግሩኝ ይመጣሉ ብላ ከሥራ ቀረች፣ ቤቷን ጠረገች፣ ወንበር ደረደረች። የእናቱን ሞት በፌስቡክ ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው አለ ወይ ብላ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ጋሽ ወልደየስ በኋላ እንዳመኑት፣ ለኔ መርዶ የነገሩኝ ሰዎች፣ እንቁ እንደ ልጅ ናት፣ ለብቻዋ ሊነገራት ይገባል ተባብለው ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ፣ ሌላው ነግሯታል ብሎ ቤቱ ገባ። ወይ ወግ አዋቂዎች።

"እንደ ለቀስተኛ መጥቼ፣ እግዜር ያጽናሽ ብዬሽ፣ በልቼ ልወጣ ነው?" አለችኝ። "እኔ እኮ ከጎንሽ ተቀምጬ የምጽናና ነኝ።"

አንቺ ደረቅ፣ ስልክ የለሽም ወይ አልኳት። አንቺስ አለችኝ። እሱስ እውነቷን ነው። የማናችን ድርቅና እንደሚብስ ልከራከራት ስል እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን ቀድማኝ እዬዬ አለች። እርጥቡን አንሶላ በመሃላችን እንደያዝን ተያይዘን አለቀስን። እንዳሻው ሳፋውን ታቅፎ ምን አጠፋሁ ይላል።

ማኅበርተኛው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ድግስ ጠብቆ በሩን ሲከፍት የተቀበለው ይኼ ነው። ሁሉም ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ። ጋሽ ወልደየስ በገመዱ ስር ጎንበስ ብለው ገቡና ማን ሞተ ብለው ጠየቁ።

"እናታችን" አለች እንቁ።

ጋሽ ወልደየስ እናቴ ካረፈች ዓመታት እንዳለፉ ያውቃሉ፤ ለቅሶዬ ላይ ውለው ያደሩ ሰው ናቸው። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው እንቁ ፊት ቆሙና፣ እግዜር ያጽናሽ ልጄ አሏት።